«ሰምቻለሁ» ያለውን ሰው እንዴት ከቤቱ ታወጡታላችሁ?

ክረምት ሳይገባ የሰፈራችንን የጎርፍ ቦይ እንጥረግ ብለን ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ለጠፍን። ግሩፑ ውስጥ ከ300 በላይ ሰው አለ። አውራ ጣቱ፣ ልቡ፣ የሚያጨበጭበው እጅ ዘነበልን። ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዘን ስንወጣ ዘጠኝ ነበርን፤ ከዘጠኙ አራታችን ማስታወቂያውን የጻፍነው ነን። በዚያው ሌሊት አንዲት እናት ዐረፉና ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ፀሐይ ሳይሞቅ ድንኳኑ ቆሟል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ጉልቻ ጥለው ድስት ጥደዋል። ሰፈሩ ያው ነው፤ ሰዉም ያው ነው።

ወሬ ማድረስና ሰው ማምጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሰፈር ኮሚቴ፣ ለወላጆች ማኅበር፣ ለወጣቶች ክበብ፣ በውጭ አገር ላለ የኮሚዩኒቲ ማኅበርም ነው። ትልቁን ምሳሌ ያመጣሁት ግን ከሩቅ ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከአላባማ ግዛት፣ ከሞንትጎመሪ ከተማ። ዲሴምበር 1 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. ሐሙስ ማታ ሮዛ ፓርክስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊት ልብስ ሰፊ አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ወንበሬን አልለቅም ብለው ታሰሩ። የከተማው ጥቁር ሕዝብ ከዚያ በኋላ 381 ቀን ሙሉ አውቶቡስ ሳይሳፈር ቆየ። አብዛኞቻችን ታሪኩን የምናውቀው በአድማው መሪ በቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር በኩል ነው። እኔ ከንግግሩ ይልቅ የሚገርመኝ የተበተነው ወረቀት፣ የመኪናው ስምሪትና የስብሰባው ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን አንድ ከተማ ሙሉ በሦስት ቀን ውስጥ ተስማምቶ ሰኞ ጠዋት በእግሩ ሄደ።

1. ማን ማንን እንደሚሰማ አስቀድማችሁ እወቁ

ሞንትጎመሪ ውስጥ ሥራው የተጀመረው ሐሙስ ማታ አይደለም። የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የሚባል የጥቁር ሴቶች ማኅበር በ1946 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ነበር፤ አብዛኞቹ አባላቱ መምህራንና የተማሩ ሴቶች ናቸው። የማኅበሩ መሪ ጆ አን ሮቢንሰን ሜይ 1954 ላይ ለከተማው ከንቲባ ደብዳቤ ጽፈው፣ አውቶቡስ ውስጥ የጥቁሮች አያያዝ ካልተሻሻለ ሕዝቡ አውቶቡስ መሳፈር ሊያቆም እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ማለትም ፓርክስ በታሰሩበት ምሽት ማን ለየትኛው ሰፈር፣ ለየትኛው ትምህርት ቤት ወረቀት እንደሚያደርስ ለማወቅ አዲስ ስብሰባ መጥራት አላስፈለገም።

እናንተም ምንም ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ የሰፈራችሁን መሰባሰቢያዎች ዘርዝሩ። እድሩ፣ እቁቡ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ የመስጊዱ ጀመዓ፣ የተማሪ ወላጆች፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጉሊቱ፣ አብረው ቡና የሚጠጡት ጎረቤታሞች። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ የአንድ ሰው ስም ጻፉ፤ የሚሰማውን ሰው። ሊቀመንበሩ ላይሆን ይችላል። እኛ ሰፈር የእድሩ ዳኛ የተከበሩ ናቸው፤ ነገር ግን «ኑ» ሲሉ ሰው የሚመጣው በር ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡት እማማ ሲጠሩት ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል።

የትኛውም ቦታ የሌሉትንም አስቡ። የቤት ሠራተኛዋ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ተከራዩ እድር የላቸውም። ባሕር ማዶም ያው ነው፤ ዱባይ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት ስብሰባ ልትመጣ አትችልም፤ ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ የድምፅ መልእክት ታዳምጣለች።

2. ጥሪውን ጻፉ፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሥራ

ሮቢንሰን በዚያች ሌሊት ከአንድ የሥራ ባልደረባቸውና ከሁለት ተማሪዎቻቸው ጋር ያስተምሩበት የነበረው ኮሌጅ ገብተው ወረቀቱን አባዙ። ይዘቱ አጭር ነበር። አንዲት ሌላ ጥቁር ሴት ወንበሯን አልለቅም ብላ ታስራለች፤ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም፤ ፍርድ ቤት የምትቀርበው ሰኞ ነው፤ ስለዚህ ሰኞ ዕለት ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ አትሂዱ፤ ወይ ታክሲ ያዙ ወይ በእግራችሁ ሂዱ።

ልብ በሉ፣ የተጠየቀው አንድ ቀን ብቻ ነው። «ፍትሕ እስኪሰፍን» ቢባል ኖሮ ማን ይጀምረው ነበር? አንድ ቀን ግን ማንም ይችላል። ሰኞ ማታ ሰዉ የራሱን ብዛት በዓይኑ ካየ በኋላ ነው «እንቀጥል» ያለው። ወረቀቱ ላይ ፊርማ አልነበረም፤ ሮቢንሰን የመንግሥት ኮሌጅ መምህርት ስለነበሩ ስማቸው ቢወጣ እንጀራቸው ነበር የሚዘጋው።

እኛም ዘንድ የጥሪ አጻጻፍ ጥበብ የቆየ ነው። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም ወደ አድዋ ሲዘምቱ ያስነገሩት አዋጅ ጠላት መምጣቱን ነግሮ አላበቃም። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው በጸሎቱ እንዲረዳ ለሁሉም ድርሻ ሰጠ፤ የሸዋም ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ቀንና ቦታ ቆረጠ። የእድር ለፋፊም እንዲሁ ነው። ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ተናግሮ ወደሚቀጥለው መንገድ ያልፋል። ስለ ሞት ትርጉም ሲያብራራ ሰምቼ አላውቅም።

የእኛ የከሸፈው ማስታወቂያ ደግሞ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እንደሚታወቀው የአካባቢ ንጽሕና ለሁለንተናዊ ዕድገት ያለው ፋይዳ…»። ሰዓቱ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። ዘንድሮ የጻፍነው ይኸው፦

«ቅዳሜ ግንቦት 30 ጠዋት 1 ሰዓት ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት እንገናኝ። ቦይ ጠረጋ ነው፤ 3 ሰዓት ላይ እናበቃለን። አካፋ ያለው አካፋ፣ የሌለው ማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ይምጣ። ጉልበት የሌለው ቡና ያፍላ። የማይመጣ ሰው ዓርብ ማታ ለመንደሩ ተጠሪ ይንገር።»

«3 ሰዓት ላይ እናበቃለን» የምትለዋ ሐረግ ከሁሉም በላይ ሰው አምጥታለች ብዬ አምናለሁ። ሰው ሥራን አይፈራም፤ ማለቂያ የሌለውን ሥራ ግን ይሸሻል።

መፈክር ካስፈለጋችሁ አጭር ይሁን። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ሲሄዱ የያዙት «መሬት ለአራሹ» ሁለት ቃል ነው። ሕፃን ይይዘዋል፣ ገበሬ ይገባዋል፣ የሚፈለገው ነገር በሙሉ ውስጡ አለ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኮሚቴው ውስጥ ለሌለ ሰው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለትና ወረቀቱን ደብቁ። «ምን ላድርግ ተባልኩ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀኑን፣ ቦታውንና ሥራውን ካልመለሰ እንደገና ጻፉ።

3. አንዱ ሰው ከሦስት አፍ ይስማ

የሞንትጎመሪው ወረቀት አንዱ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ነው የተባዛው፤ ከዚያ ይቆረጣል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት በአንድ ሌሊት የደረሰው በዚህ ብልሃት ጭምር ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ሮቢንሰንና ተማሪዎቹ የትኛው ጥቅል የት እንደሚወርድ መንገድ አወጡ። ዓርብ ትምህርት ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶች፣ መደብሮችና ፋብሪካዎች ዘንድ ደረሰ። ዓርብ ማታ ቀሳውስቱ ተሰብስበው ተስማሙ። እሑድ ጠዋት ጥሪው ከየመድረኩ ተሰበከ። የዚያኑ እሑድ የከተማው ጋዜጣ ሞንትጎመሪ አድቨርታይዘር ወሬውን የፊት ገጹ ላይ አወጣው፤ መረጃውን ለጋዜጠኛው የሰጡት ኢ. ዲ. ኒክሰን የተባሉ የመብት ታጋይ ናቸው። ለነጮቹ ማስጠንቀቂያ የመሰለው ዜና፣ ወረቀቱ ላልደረሰው ጥቁር ጥሪ ሆነ።

እንግዲህ አንዲት የቤት ሠራተኛ ዓርብ ከልጇ፣ እሑድ ከቄሷ፣ እሑድ ከሰዓት ከጋዜጣ ሰማች። ሦስተኛው ሲደገም ጥያቄዋ ተለወጠ፤ «እውነት ነው ወይ?» ማለቱን ትታ «እኔ ሰኞ በምን ልሂድ?» ትላለች።

እናንተም አንዱን መልእክት በሦስት መንገድ ላኩ፤ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ የሰው አፍ ይሁን። ቴሌግራም ላይ ቻናልና ግሩፕ ለዩ። ቻናሉ ኮሚቴው ብቻ የሚጽፍበት ይሁን፤ ግሩፑ ውስጥ ሰው ይከራከር። ሁለቱ ከተደባለቁ ማስታወቂያው በልደት መልካም ምኞት ሥር ይቀበራል። ለማያነቡ ከ30 ሴኮንድ ያልበለጠ የድምፅ መልእክት በሚታወቅ ሰው ድምፅ ቅረጹ። ወረቀት ኮፒ ስታስደርጉ ኤ4ቱን ለአራት ክፈሉት፤ ዋጋውም በአራት ይከፈላል። በቀረው ቤት ለቤት ሂዱ። አንድ ተጠሪ ለ15 ቤት ከበቂ በላይ ነው፤ ሃምሳ ቤት የተሰጠው ሰው ግን አምስቱን አንኳኩቶ ይመለሳል።

4. «እሺ፣ ግን እንዴት አድርጌ?»

ብዙ ዘመቻ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ሰው ተስማምቶ ሳለ ይቀራል፤ እኛም «ሕዝባችን ግድ የለሽ ነው» ብለን እናማርራለን። ሞንትጎመሪ ውስጥ ሰዉ ሥራው ቦታ ካልደረሰ ከሥራ ይባረራል። መጀመሪያ የጥቁር ሰዎች ታክሲዎች በአውቶቡስ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም ጫኑ። የከተማው አስተዳደር ቢያንስ 45 ሳንቲም ማስከፈል አለባችሁ የሚል ደንቡን ጠበቅ አደረገ። ያኔ መሪዎቹ በ1953 እ.ኤ.አ. ሉዊዚያና ግዛት ውስጥ ባተን ሩዥ ላይ ተመሳሳይ አድማ የመሩትን ቄስ ቲ. ጄ. ጀሚሰንን አማከሩ፤ የግል መኪና ያለው ሁሉ የሚያሰማራበት ሥርዓት ተዘረጋ። ወደ 300 የሚጠጋ መኪና ተሰለፈ፤ ከ40 በላይ መነሻና መውረጃ ቦታ ተለየ። መንገዶቹን ካወጡት መካከል ከተማዋን በሥራቸው ምክንያት ጠንቅቀው የሚያውቁ የፖስታ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። የመነሻ ቦታዎቹና ሰዓቶቹ ዝርዝር ለሕዝቡ ተበተነ።

ከመጀመሪያው ወረቀት ይልቅ ይህ ሁለተኛው ዝርዝር ይበልጥብኛል። የመጀመሪያው ሰዉን ሰኞ ጠዋት ከቤቱ አስወጣው፤ ሁለተኛው ግን ለዓመት ያህል በየማለዳው አደረሰው።

ስለዚህ ከጥሪው ጋር የ«እንዴት» ወረቀት አዘጋጁ። እንዲህ አድርጋችሁ ትሠሩታላችሁ፦ ባለፈው ያልመጡ አምስት ሰዎች ቤት ሂዱና ሳትወቅሱ ጠይቁ። እኛ ያገኘነው መልስ አንዱም ከግድ የለሽነት ጋር አይገናኝም። አንዷ ልጅ የሚይዝላት የለም። አንዱ አካፋ የለውም፤ ባዶ እጁን መምጣት አፈረ። ሁለቱ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ላይ ናቸው። አንደኛው አዛውንት ደግሞ «ማን ጠራኝና?» አሉ። ለእሳቸው መፍትሔው አንድ ሰው በራቸውን ማንኳኳት ነበር። ቀን ስትቆርጡ የጁምዓ ሶላትን፣ ቅዳሴን፣ በዓላትን፣ የደመወዝ ሰሞንን እዩ፤ በጾም ወራት ከባድ የጉልበት ሥራ ከሰዓት አታድርጉ።

5. የመጣው ሰው የሚናገርበት በር ክፈቱ

ሰኞ ዲሴምበር 5 ማታ በሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰበው ሕዝብ አዳራሹ ስላልበቃው ውጭ ድምፅ ማጉያ ተተክሎለት ነበር። አድማው ይቀጥል ወይስ ይቁም ተብሎ የተጠየቀው እሱ ነው፤ በመቆም ድምፅ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሰኞና ሐሙስ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ቤተ ክርስቲያን እየተዞረ ስብሰባ ይደረግ ነበር። የሳምንቱ ገንዘብ፣ የመኪናው ችግር፣ የድርድሩ ሁኔታ ይነገራል፤ ሰው ይዘምራል፣ ይጠይቃል፣ ያዋጣል። ሮቢንሰንም የእንቅስቃሴውን ዜና መጽሔት ያዘጋጁ ነበር።

ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ምግብ አብሳይ ደግሞ ዶሮና ኬክ እየሸጡ ገንዘብ የሚያዋጡ ሴቶችን አሰባስባ «ከየትም ያልመጣ ክለብ» የሚል ስም ሰጠችው። ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል መልሱ «ከየትም አልመጣም» ነው፤ የአዋጪዎቹ ስም ስለማይታወቅ ማንም ከሥራ አይባረርም። የመሳተፊያ መንገዱ መሰለፍና መናገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሴቶች ባልገቡበት ነበር።

የእድር ስም ጥሪ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው፤ የቀረ ሰው መቅረቱ ይታወቃል። ቅጣቱን ግን ለበጎ ፈቃድ ሥራ አታውሉት። ስሙን ያዙ፣ በማግስቱ ደውሉ፣ «ደህና ነህ ወይ?» በሉ። የገባውን ብርና የወጣውን ከሥራው በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉ። ሒሳብ የዘገየበት ኮሚቴ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያገኘው ሐሜት ብቻ ነው።

6. ወሬ ሲነሳ

ጃንዋሪ 21 ቀን 1956 ቅዳሜ ማታ ካርል ሮዋን የተባለ የሚኒያፖሊስ ጋዜጠኛ ለኪንግ ስልክ ደወለ። የከተማው አስተዳደር «ከጥቁር ቀሳውስት ጋር ተስማምተናል፤ አድማው አልቋል» የሚል መግለጫ ሰጥቷል፤ ነገ ጠዋት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ስምምነት ግን አልነበረም። መሪዎቹ ሌሊቱን ሁለት ነገር አደረጉ። ለቀሳውስቱ ደውለው እሑድ ጠዋት ከመድረክ እንዲያስተባብሉ ነገሩ፤ ራሳቸው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የማይሄደው ሰው እንዳያመልጣቸው በየመሸታ ቤቱ ዞሩ። ቄስ በቅዳሜ ሌሊት መሸታ ቤት ገብቶ «ስምምነት የለም» ሲል አስቡት! ሰኞ አውቶቡሶቹ እንደወትሮው ባዶ ሄዱ።

እናንተ ዘንድ ወሬ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ነገር ይወሰን። እውነተኛው ቃል የሚገኝበት አንድ ቦታ፣ የሚናገር አንድ ሰው፣ ሌሊት የሚደወልላቸው ስድስት ሰባት ሰዎች ስልክ። ስታስተባብሉ ውሸቱን አርእስት አታድርጉት። «ስብሰባው ቀርቷል የተባለው ውሸት ነው» ካላችሁ በችኮላ የሚያነበው «ቀርቷል» የምትለዋን ይዞ ይሄዳል። «ስብሰባው ነገ 9 ሰዓት በተባለው ቦታ አለ» ብላችሁ ጀምሩ። ምንጩን የማታውቁትን ደግሞ እናንተም አታስተላልፉ፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያስጠይቃል።

ቪዲዮ ሌላ ነገር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ ሆሎን ከተማ ፖሊሶች የደንብ ልብስ የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር ሲደበድቡ የደኅንነት ካሜራ ቀረጸ። ቪዲዮው ከወጣ በቀናት ውስጥ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፍ ተሞሉ። የወላጆቻቸው ትውልድ ለዓመታት «እንበደላለን» ሲል ያላመነው ሁሉ ያን ጊዜ ዓይኑን ማመን ግድ ሆነበት። ነገር ግን ቁጣ ቀን አይቆርጥም፣ ቦታ አይመርጥም፤ ያን የሚያደርጉ ሰዎች አስቀድመው መኖር አለባቸው። ማስረጃ ስታወጡ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ አብራችሁ ጻፉ፣ ያልተቆረጠውን ቅጂ አስቀምጡ፣ የሕፃናትንና የሚፈሩ ሰዎችን ፊት ሸፍኑ።

7. ሕጉ

ባጭሩ፦ ቦይ ለመጥረግ ማሳወቅ አያስፈልግም፤ ወረዳው አውቆ ቆሻሻ ማንሻ መኪና ቢልክ ግን ይጠቅማል። ሰልፍ ወይም ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንድታሳውቁ ይጠይቃል። የማሳወቂያውን ቅጂ ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ፤ ከእናንተ መካከል ሁለት ሰው ኪሱ ውስጥ ይኑረው።

8. ሲሳካ የሚበተነው ወረቀት

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 1956 ላይ የአውቶቡስ መድልዎው ሕገ ወጥ ነው የሚለውን ውሳኔ አጸና። ትእዛዙ ሞንትጎመሪ የደረሰው ዲሴምበር 20 ነው። ሕዝቡ በማግስቱ እንደ ገና ይሳፈራል። መሪዎቹ ይህንንም ለዕድል አልተዉትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበሮችን እንደ አውቶቡስ ደርድረው አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ተሳዳቢ ተሳፋሪ፣ አንዱ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሆነው ተለማመዱ። ለተሳፋሪውም የምክር ወረቀት በተኑ፦ አትኩራሩ፣ አትፎክሩ፤ ከሰው አጠገብ ስትቀመጡ ይቅርታ ጠይቁ፤ ቢሰድቧችሁ መልሳችሁ አትሳደቡ።

እኛም ዘንድሮ ቦዩ ከተጠረገ በኋላ ወዲያው ሦስተኛ ወረቀት በተንን። አራት መስመር ነው፤ ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን፣ ቦዩ ውስጥ የሚጥል ሰው ሲታይ ሳይጣሉ የሚነገርለት ሰው፣ የሚቀጥለው ጠረጋ ቀን፣ የመጀመሪያው ዶፍ በጣለ ማግስት ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ዞረው የሚያዩት ሁለት ሰዎች ስም። ከሁለቱ አንዱ ባለፈው ዓመት «ማን ጠራኝና?» ያሉት አዛውንት ናቸው።